የበረሃው አሳማና የበረሃው ወይን፦ የኢንስፒራዳ እራት

በአካባቢው የረባ አሳማና በአካባቢው የተጠመቀ ወይን የሚቀርብበት እራት በአሜሪካ ምግብ ቤቶች የተለመደ ዝግጅት ነው። ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል፤ እንግዳው ወንበሩን አስይዞ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሒሳቡን ከፍሎ ይመጣል። የምግብ ዝርዝር አገላብጦ መምረጥ የለም። ወጥ ቤቱ አንድ ወይም ሁለት አሳማ ገዝቶ ከጭንቅላቱ እስከ ታፋው በአራት ወይም በአምስት ተራ ያቀርባል፤ ከእያንዳንዱ ምግብ ጋር አንድ አንድ ወይን ይቀዳል፤ አርቢው ወይም ጠማቂው በመካከል ተነስቶ ስለ ሥራው ይናገራል። እንዲህ ያለው እራት በአዮዋ ወይም በካሊፎርኒያ ቢዘጋጅ የሚያስገርም ነገር የለውም፤ አዮዋ በአሳማ፣ ካሊፎርኒያ በወይን የታወቁ ናቸውና። በላስ ቬጋስ ሸለቆ ሲሆን ግን «የአካባቢ» የሚለው ቃል ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነበት፣ በሐምሌ 2024 የሙቀት መጠኑ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰበት ምድር አሳማው ምን በልቶ ያድጋል? ወይኑስ ከየት ይለቀማል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንስፒራዳ ከላስ ቬጋስ በስተደቡብ ባለችው በሄንደርሰን ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኝ በዕቅድ የተሠራ የመኖሪያ ሰፈር ነው። መሬቱ የፌደራሉ መንግሥት ንብረት የነበረ ባዶ በረሃ ሲሆን፣ በ2004 1,940 ኤከር ያህሉ በጨረታ ለቤት ሠሪ ኩባንያዎች ማኅበር በ557 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከአራት ዓመት በኋላ የቤት ዋጋ ሲወድቅ ዕቅዱ አብሮ ወደቀ፤ ማኅበሩ ብድሩን መክፈል አቅቶት እስከ ኪሳራ ፍርድ ቤት ደረሰ። ግንባታው ያገገመው ከ2011 ወዲህ ነው። ዛሬ ሶሊስታ፣ ካፕሪዮላ፣ ፖቴንዛ፣ አቬንቱራ የሚባሉ ጣሊያንኛ ስም የተሰጣቸው መናፈሻዎች አሉት፤ ከበስተጀርባው የጥንት ሰዎች በዓለት ላይ የቀረጿቸው ምስሎች የሚገኙበት የስሎን ካንየን ጥብቅ ስፍራ ነው። የታወቁት የካሲኖ ሆቴሎች የተደረደሩበት ጎዳና፣ ማለትም «ስትሪፕ»፣ በመኪና ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይርቃል። የዚህ ሰፈር ነዋሪ እራቱን የሚበላው ከቱሪስቱ ርቆ በሰፈሩና በሄንደርሰን ባሉ መካከለኛ ምግብ ቤቶች ነው፤ የአርቢና የጠማቂ እራትም የሚዘጋጀው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው።

ሸለቆው ከሚጠቀምበት ውሃ 90 በመቶ የሚሆነው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ነው። በዚህ ውሃ በቆሎና አኩሪ አተር ዘርቶ ከብት ማደለብ አይታሰብም። አትክልትና ፍራፍሬ አልፎ አልፎ አለ፤ በከተማው ሰሜን ምዕራብ ያለው የጊልክሪስ የፍራፍሬ እርሻ መሬቱን ያቀናው ቤተሰብ ወደ ሸለቆው ከመጣበት ከ1920 ጀምሮ ይታወቃል፤ ሰው ራሱ ገብቶ ፖምና ኮክ ይለቅምበታል። የቀረው ሁሉ፣ ከስንዴው እስከ ዓሣው፣ በጭነት መኪናና በአውሮፕላን ይገባል። በዚህ መካከል ያለ ማጋነን የላስ ቬጋስ ነው ሊባል የሚችል አንድ ሥጋ ቢኖር የአሳማ ሥጋ ነው። ምክንያቱም የካሲኖዎቹ ትርፍራፊ ነው።

ነገሩ የቡፌ ታሪክ አለበት። በስትሪፑ ላይ የመጀመሪያው ሆቴል፣ ኤል ራንቾ ቬጋስ፣ በ1941 ተከፈተ፤ ቁማርተኛው እንዳይርቅ ሌሊቱን ሙሉ በአነስተኛ ዋጋ እስኪጠግብ የሚበላበት ገበታም በዚያው በ1940ዎቹ ተዘረጋ። ሌሎቹ ሆቴሎች ተከተሉት። ዋጋው ርካሽ፣ ሳህኑ ሙሉ ሲሆን የሚተርፈውም የዚያኑ ያህል ነው። በ1960ዎቹ ኮምስ የሚባል ቤተሰብ በሰሜን ላስ ቬጋስ አር ሲ ፋርምስ የሚል ስም ያለው የአሳማ እርባታ አቋቋመ። ቦብ ኮምስ የጭነት መኪናውን ይዞ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ትርፍራፊውን ይሰበስባል፤ ቀቅሎ ለሺዎች አሳማዎች ያቀርባል። ሆቴሉ ቆሻሻ ለማስጣል የሚከፍለው ይቀንስለታል፤ አርቢው መኖ በርካሽ ያገኛል። እርባታው ቆሻሻና አስቸጋሪ ሥራዎችን በሚያሳየው «ደርቲ ጆብስ» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ከቀረበ በኋላ በመላው አሜሪካ ታወቀ።

እርባታው ሲጀመር ዙሪያው ባዶ ሜዳ ነበር። ከተማዋ እያደገች መጥታ አዳዲስ ቤቶች እስከ አጥሩ ሲደርሱ ግን የሽታው ክስ መጣ። ቀድሞ የነበረው ማን እንደሆነ ክርክር አያስነሳም፤ የሸለቆው መሬት ዋጋ ግን ከአሳማው ዋጋ በልጦ እርባታው በ2010ዎቹ መጨረሻ ላይ ለቤት ሠሪዎች ተሸጠ። ሥራው አልቆመም። ላስ ቬጋስ ላይቭስቶክ በሚባል አዲስ ድርጅት ስም ከከተማው በስተሰሜን፣ ጎረቤት ወደሌለበት በረሃ ተዛወረ። እንደ ኤም ጂ ኤም ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ትርፍራፊያቸውን ከወጥ ቤት ጀምሮ ለብቻው ለይተው ይልኩለታል።

መለየቱ ከባዱ ክፍል ነው። ከሆቴል በሚመጣ በርሜል ውስጥ ዳቦው፣ ፓስታው፣ የሐብሐብ ልጣጩ፣ የተጀመረው ስቴክ ከሹካና ቢላዋ፣ ከፕላስቲክ ጽዋ፣ አንዳንዴም ከተሰበረ ብርጭቆ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ይህን የሚለዩ ማሽኖችና ሠራተኞች አሉ። ከዚያ ይፈጫል፤ ከዚያ ይቀቀላል። ከዚህ በፊት ደግሞ ሌላ ማጣሪያ አለ፦ ከግብዣ አዳራሽ ሳይነካ የተመለሰ ምግብ በ2007 ወደተቋቋመው ስሪ ስኩዌር ወደሚባለው የምግብ ባንክ ሄዶ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ሊሰጥ ይችላል። ሰው የነካው ግን ለሰው አይመለስም፤ ዕጣው አሳማ ነው፤ አሳማው የማይበላው ወደ ብስባሽ ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሲሰማ ቡሌን ማስታወሱ አይቀርም። በሆቴሎችና በዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ የሚሸጠው ትርፍራፊ ከተመጋቢው ሳህን ተነስቶ በቀጥታ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይሄዳል፤ ከብቱ የሚያገኘው የጠላውን አተላና የቢራ ፋብሪካውን ዝቃጭ ነው። በላስ ቬጋስ መስመሩን የሚያሰምረው የጤና ሕግ ነው፤ በአዲስ አበባ የኪስ አቅም።

የመቀቀሉ ግዴታ የመጣው ከአንድ የባቡር ጉዞ ነው። በካሊፎርኒያ ከ1932 ጀምሮ የአሳማዎችን አፍንጫና ሰኮና የሚያቆስል በሽታ ይታይ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከግዛቲቱ ሳይወጣ ቆየ። በ1952 ከካሊፎርኒያ የተነሳ የመንገደኞች ባቡር ወጥ ቤት ትርፍራፊ በዋዮሚንግ ግዛት ቻየን ከተማ ላይ ወረደና ሳይቀቀል ለአሳማ ተሰጠ። በትርፍራፊው ውስጥ የነበረው ጥሬ የአሳማ ሥጋ ቫይረሱን ይዞ ነበር። በሽታው ከአርባ በላይ ግዛቶችን አዳርሶ እስኪጠፋ ድረስ ዓመታት ፈጀ፤ ግዛቶቹም ትርፍራፊ ሳይቀቀል ለአሳማ እንዳይሰጥ ደነገጉ። በ1980 የወጣው የፌደራል የአሳማ ጤና ጥበቃ ሕግ ደንቡን አንድ አደረገው፦ ሥጋ የነካ ትርፍራፊ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ መቀቀል አለበት፤ አርቢውም ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ግዛቶች ጨርሰው ከለከሉ። ብሪታንያም በ2001 ሚሊዮኖች ከብት ያስፈጀው የአፍና እግር በሽታ ያልተቀቀለ ትርፍራፊ ከሚመግብ አንድ የአሳማ እርባታ ተነሳ ሲባል ልማዱን በሙሉ አገደች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ተከተለ። ኔቫዳ ፈቅዳ ትቆጣጠራለች። አፍሪካዊው የአሳማ ትኩሳት ከ2018 ጀምሮ የቻይናን መንጋ ካረገፈ ወዲህ ቁጥጥሩ ይላላል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

የመኖው ነገር ከሥነ ምግባር ባለፈ የጣዕም ጉዳይም ነው። በሬና በግ የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው፤ የበሉት ቅባት በጨጓራቸው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ተለውጦ ነው ወደ ሥጋቸው የሚገባው። ስለዚህ ሣር የበላም ፋጉሎ የበላም በሬ ጮማው ጠንካራ ነው። አሳማ ግን እንደ ሰው አንድ ጨጓራ ስላለው የበላው ዘይት ብዙም ሳይለወጥ ጮማው ውስጥ ይቀመጣል። ኦቾሎኒ የበላ አሳማ ጮማው ልስልስ ብሎ ይቀልጣል፤ የአሜሪካ ግብርና ተመራማሪዎች ይህን ያጠኑት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ብዙ ዓሣ የበላ አሳማ ዓሣ ዓሣ ይላል። የስፔን አርቢዎች በባሉጥ ፍሬ የሚያደልቡት ለዚህ ነው። ከካሲኖ በሚመጣው መኖ ውስጥ ዳቦ፣ ድንች፣ ፍራፍሬ፣ ኬክና ሥጋ ስለሚደባለቅ የአንዱ ጣዕም ጎልቶ አይወጣም፤ ግን መኖው እንደየሳምንቱ ይለያያል። ውሃው ስለሚበዛም አሳማው በቆሎና አኩሪ አተር እንደሚበላው ፈጥኖ አይደልብም። በተራ እርባታ አሳማ በስድስት ወር ገደማ 120 ኪሎ አልፎ ለእርድ ይደርሳል፤ ትርፍራፊ የሚበላው ዘግየት ይላል።

ሙቀቱም አለ። አሳማ እንደ ሰው አያልብም፤ ጭቃ የሚንከባለለው ጭቃ ስለሚወድ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ ነው። በበረሃ እርባታ ጥላ፣ ማራገቢያና የውሃ ርጭት ከሌለ በሐምሌ መብላቱን ይተዋል፤ የበረታው ሙቀት ይገድለዋል። ከዚህ የከፋው የአርቢው ችግር ግን እርድ ነው። ለምግብ ቤት የሚሸጥ ሥጋ የመንግሥት መርማሪ ባለበት ቄራ መታረድ አለበት። በኔቫዳ እንዲህ ያሉ ቄራዎች ጥቂት ናቸው፤ ከታወቁት አንዱ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ዎልፍ ፓክ ሚትስ የሚገኘው በሪኖ ነው፤ ከላስ ቬጋስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደ ጎረቤት ግዛት ማጓጓዝ የሚቀልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በሰሜኑ በረሃ ያደገ አሳማ ድንበር ተሻግሮ ታርዶ፣ ሥጋው ተቆራርጦ ተመልሶ፣ በኢንስፒራዳ ጠረጴዛ ላይ «የአካባቢ» ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። ውሸት አይደለም። በ2008 የወጣው የአሜሪካ የግብርና ሕግ ለአንዳንድ የብድር ፕሮግራሞች ሲል የአካባቢ ምርትን ከ400 ማይል ያነሰ መንገድ የተጓዘ ወይም በዚያው ግዛት ውስጥ የተመረተ ብሎ ተርጉሞታል። 400 ማይል 640 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር ደርሶ ገና ይተርፋል። በዚህ መለኪያ ሎስ አንጀለስም የላስ ቬጋስ ሰፈር ናት። ምግብ ቤት በዝርዝሩ ላይ ሲጽፈው ግን የሚያስገድደው መለኪያ እንኳ የለም፤ እንግዳው መጠየቅ ያለበት የእርባታውን ስም ነው።

ሙሉ አሳማ የገዛ ወጥ ቤት ሥራው የሚለካው በሽንጡ ሳይሆን በቀረው ነው። ሽንጥና ታናሽ ጎድን ማንም ጠብሶ ያሳምራል። ወርቹ ለስላሳ እሳት ላይ ስድስትና ሰባት ሰዓት ይቆያል፤ ጅማቱ ወደ ጄላቲን ተለውጦ ሥጋው በሹካ ይበታተናል። የሆድ ሥሩ ሥጋ፣ ጮማና ቀይ ሥጋ እየተፈራረቀ የተደረበው፣ በጨው ታሽቶ አድሮ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል። ጭንቅላቱ ተቀቅሎ አጥንቱ ይወጣለትና በራሱ ጄላቲን ረግቶ፣ ተቆርጦ በቀዝቃዛው ይቀርባል፤ ጉበቱ በቅቤ ተፈጭቶ ዳቦ ላይ ይቀባል። ታፋው ብቻ ለዚያ ምሽት አይደርስም፤ በጨው ተይዞ ተሰቅሎ የሚደርቅ የወራት ሥራ ነው፤ ምግብ ቤቱ ቀደም ብሎ ያዘጋጀው ካለ እሱን ይቆርጣል። ከደረቀ ሥጋ ጋር ያላደገ የሐበሻ ቤት እምብዛም ስለሌለ፣ ቋንጣን ለሚያውቅ ሰው የታፋው ነገር አዲስ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ቋንጣ በስሱ ተዘልዝሎ በቀናት ሲደርቅ ታፋው ሙሉውን ከነአጥንቱ ዓመት ሊፈጅ መቻሉ ነው።

የአሳማ ሥጋ እስኪደርቅ መጠበስ አለበት የሚለው የቆየ ፍርሃት ትሪኪኔላ ከሚባለው ትል የመጣ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2011 ምክሩን አሻሽሎ ለሙሉ ቁራጭ ሥጋ መሃሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ሦስት ደቂቃ ማረፉ በቂ ነው አለ፤ ለተፈጨው 71 ዲግሪ እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ በዛሬው ጥሩ ወጥ ቤት ሽንጡ መሃሉ ቀላ እንዳለ ቢመጣ ያልበሰለ ሆኖ አይደለም።

ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሰኮናው የተሰነጠቀ ሆኖ የማያመሰኳውን እንስሳ ይከለክላል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ይህን እስከ ዛሬ ይጠብቃል፤ ሙስሊሙም በቁርአን የተከለከለ ነው። በአንድ ገበታ የሌላውን እርድ የማይበሉት ሁለቱ ወገኖች አሳማን በመተው ይስማማሉ። በኢትዮጵያ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ጥቂት የአሳማ እርባታዎች ቢኖሩም ደንበኞቻቸው በዋናነት ሆቴሎችና የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ላስ ቬጋስ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት፤ ክላርክ ካውንቲም በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተሰባሰቡበትን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሟል። ከእነዚህ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚሠሩት በሆቴሎቹ ውስጥ ነው፦ በወጥ ቤት፣ በዕቃ ማጠቢያ፣ በአስተናጋጅነት፤ ወደ 60,000 አባላት ያሉት የወጥ ቤትና የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር፣ ሎካል 226፣ ኢትዮጵያውያንንም ያቀፈ ነው። አሳማ ቀምሰው የማያውቁ እጆች ጠርገው በበርሜል የለዩት ትርፍራፊ አሳማውን ያደልባል ማለት ነው። ምግብ ቤቶቹም ይህን ያውቃሉ፤ በሥርዓት የተዘጋጀ እራት አሳማ ለማይበላ እንግዳ በዶሮ ወይም በአትክልት የተተካ ተራ አለው። ጥያቄው ወንበር ሲያዝ መነገር አለበት፤ ጮማው ለባቄላው መጥበሻ፣ ለዳቦው መቀቢያ ሳይቀር ስለሚውል ሥጋውን ብቻ ከሳህን አንስቶ መተው አይበቃምና።

ወይኑ ከአሳማው ይልቅ ሕግ ያሰረው ነገር ነበር። ከላስ ቬጋስ በስተምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከስፕሪንግ ተራሮች ማዶ ባለችው ፓራምፕ በ1990 የፓራምፕ ቫሊ ወይን መጥመቂያ ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ የኔቫዳ ሕግ ወይን መጥመቂያን የፈቀደው ሕዝባቸው አነስተኛ በሆነ ካውንቲዎች ብቻ ስለነበረ፣ ላስ ቬጋስና ሄንደርሰን ያሉበት ክላርክ ካውንቲና ሪኖ ያለችበት ዋሾ ካውንቲ ታግደው ቆዩ። እገዳው የተነሳው በ2015 ነው፤ በዓመት ከ1,000 ካርቶን በላይ የሚያመርት ጠማቂ ቢያንስ 25 በመቶውን በኔቫዳ ከበቀለ ፍሬ እንዲያደርግ በሚል ግዴታ። ከዚያ በኋላ በራሷ በሄንደርሰን የቬጋስ ቫሊ ወይን መጥመቂያ ሥራ ጀመረ። ለኢንስፒራዳ ነዋሪ የከተማው ወይን የሚባል ነገር የመጣው እንግዲህ ከዚህ ወዲህ ነው።

25 በመቶ ማለት ሦስት አራተኛው ከካሊፎርኒያ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «በሄንደርሰን የተጠመቀ» እና «በኔቫዳ የበቀለ» አንድ አይደሉም። በዚህ በኩል የወይን ገዢ ከሥጋ ገዢ ይሻላል፤ የፌደራሉ ደንብ በጠርሙሱ ላይ የግዛት ስም እንደ ፍሬው መብቀያ ከተጻፈ ቢያንስ 75 በመቶው ፍሬ ከዚያ ግዛት እንዲሆን ያስገድዳል። በእራቱ ላይ ጠርሙሱን አዙሮ ማንበብ ነውር አይደለም።

ወይን ተክል በረሃን ይችላል፤ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ በጠብታ መስኖ ይረካል፣ ደረቅ አየር ደግሞ ከሻጋታ ይጠብቀዋል። የሚፈልገው ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ቀን በፀሐይ ስኳሩ ሲወጣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ አሲዱ ይጠፋና ወይኑ የሚጣፍጥ ግን የሚያሰለች ይሆናል። ፓራምፕ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ ለዚህ ይረዳታል። በኢትዮጵያም ስሌቱ ይኸው ነው፦ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ በ2007 ተክሎ በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ያወጣው ሐይቁ አጠገብ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የዝዋዩ አትክልተኛ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ቆፍሯል፤ በኔቫዳ የሚያስቸግሩት ወፎችና ከወቅቱ ያለፈ የፀደይ ውርጭ ናቸው። ሙቀት የሚችሉት እንደ ዚንፋንዴል፣ ሲራና ቴምፕራኒዮ ያሉት ቀይ ዝርያዎች ይመረጣሉ።

ከአሳማ ጋር ወይን ሲጣመር ዋናው ነገር አሲድ ነው። ጮማ ምላስን ይሸፍናል፤ አሲዱ ያነጻዋል፤ ሐበሻ ጮማ ጥብስን በሚጥሚጣና በአዋዜ እንደሚቆርጠው። ለቀዝቃዛው ጭንቅላትና ለጉበቱ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ወይም ሮዝ፣ ለሆድ ሥሩ ጣፋጭነት የቀረው ሪዝሊንግ፣ ለወርቹ ዚንፋንዴል ይስማማል። አፍ የሚያኮማትረው ታኒን የበዛበት ከባድ ካበርኔ ለበሬ እንጂ ለአሳማ እምብዛም አይመችም፤ ሥጋው ለስላሳ ነውና ይጠፋበታል። ጠንቃቃ አስተናጋጅ ለእያንዳንዱ ተራ የሚቀዳው ከሙሉ ብርጭቆ ግማሽ ገደማ፣ 60 ወይም 90 ሚሊ ሊትር ነው። በአምስት ተራ ግን 90 ሚሊ ሊትሩ ከግማሽ ጠርሙስ ያልፋል። በኔቫዳ መኪና ለሚነዳ ሰው የተፈቀደው የአልኮል መጠን በደም ውስጥ ከ0.08 በመቶ በታች ነው፤ ኢንስፒራዳ ደግሞ በከተማው ዳር ያለ፣ አውቶቡስ የማይበዛበት ሰፈር ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ የመመለሻ ታክሲውን ከወንበሩ ጋር አብሮ ቢያስብበት ይሻለዋል።